ስድስቱ ቀጥ ያሉ ጥዶች

ባለፈው ሳምንት ሮቤ፣ ከተከራየሁበት ቤት ፊት ለፊት፣ ሁለት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መንገዱ ሊሰፋ ነው ብለው የጎረቤቴን የባሕር ዛፍ አጥር ቀይ ቀለም ሲቀቡ ዋሉ። ቀለሙን ያቀጠኑት በላምባ ነበር። ሽታው በመስኮት ሲገባ የያዝኩትን ወረቀት አስቀመጥኩና እጄን አየሁ። የቀኝ እጄ ጣቶች ቀይ የሆኑ መሰለኝ። ምንም አልነበረባቸውም። ቢሆንም ተነሥቼ ታጠብኩ።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ በጋ ሽታ ነው። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ጎባ፣ አክስቴ ቤት።

ከደሎ መና የመጣሁት እናቴ መንታ ከወለደች በኋላ ነው። አባቴ ልብሴን በፌስታል አድርጎ፣ "አዳዳሽ ጋ ሆነሽ ትማሪያለሽ" አለኝ። የአባት እህት በእኛ ቤት አዳዳ ነው የምትባለው። ስንት ጊዜ እንደምቆይ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከመንትዮቹ ጋር ሰባት ልጆች ነበርን። ከሰባቱ እኔ ብቻ ለምን እንደተላክሁ ሳስብ አውቶቡሱ የሐረናን ጫካ ጨርሶ ሳነቴ ላይ ወጣ። ዛፍ የሚባል ነገር አለቀና ድንጋይና ጉም ብቻ ቀረ። ሰዉ ሁሉ ጋቢውን ሲከናነብ እኔ የቆላ ቀሚሴን ለብሼ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያው ጠዋት የግቢው ሣር ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ለከብት የተበተነ ጨው መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ነካሁና ቀመስኩት። አዳዳ ሩቂያ ከበሩ ላይ ሆና አየችኝ።

"ውይ ልጄ! ውርጭ እኮ ነው!" ብላ እስኪያስላት ሳቀች።

ክፋት አልነበራትም። ማታውኑ ግን ለመጣው እንግዳ ሁሉ ነገረች፤ እንግዳውም ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን ነገር ከመጠየቅ ይልቅ ዝም ብዬ ማየት እንደሚሻል ለራሴ ወሰንኩ። በዘጠኝ ዓመት ዕድሜ የተወሰነ ውሳኔ እንዲህ የሚጸና አይመስልም፤ የእኔ ግን ጸና።

በእኛ ቤት አራት ሆነን በአንድ ምንጣፍ ላይ ነበር የምንተኛው። እዚህ አንድ ሰፊ አልጋ ለብቻዬ ተሰጠኝ። የማንም እግር አይነካኝም፤ የማንም ትንፋሽ አይሰማም። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እተኛ ነበር፤ ግድግዳው ግን ቀዝቃዛ ነው። አዳዳና ባሏ ልጅ አልነበራቸውም። እሷ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ስትሸጥ ትውላለች። ትምህርት ቤት ውስጥ መልሱን ባውቅም እጄን አላወጣም። መምህሩ አንዴ ሲጠይቁኝ መልሼ፣ "ምን አልሽ? ድምፅሽን የት ጥለሽው መጣሽ?" ስላሉኝ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ከእሳቸው ጋር የምንነጋገረው በደብተሬ ብቻ ሆነ። በቀይ እስክሪብቶ ራይት ያደርጉልኛል። ቤት ሄጄ ደብተሬን ገልጬ እነዚያን ራይቶች አያቸው ነበር።

የአዳዳ ባል ኦቦ ከድር ይባላሉ። ኦቦ በኦሮምኛ እንደ አቶ ያለ የአክብሮት ጥሪ ነው፤ ሚስታቸው እንኳ ከነኦቦው ነበር የምትጠራቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሰው ናቸው። እንደ እኔው ንግግር አያበዙም። ምን እንደሚሠሩ አንድ ቀን እንደምንም ብዬ አዳዳን ብጠይቃት ድንቿን እየለየች፣ "የማኅበሩን ዛፍ ይቀባሉ" አለችኝ። በቃ፤ ያ ነው መልሱ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይዘውኝ መሄድ ጀመሩ። ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ምናልባት ቤት ብቻዬን ስቀመጥ አይተው ይሆናል። ጠዋት ከበሩ ላይ ቆመው "ኮቱ" ይሉኛል፤ ነይ ማለታቸው ነው። ከዚያ የቀለሙን ቆርቆሮ ያስይዙኛል።

ደኑ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ የፈረንጅ ጥድ ነበር። ውስጡ ሲገቡ ቀኑ ይጨልማል። ዛፎቹ ለሰልፍ እንደቆሙ ተማሪዎች ረድፍ ይዘዋል፤ ነገር ግን በጣም ተጠጋግተው፣ ቅርንጫፎቻቸው ተጠላልፈው ነበር የቆሙት። ከታች ሣር የለም። ቡናማ የረገፈ ቅጠል ብቻ አለ፤ ሲረግጡት ድምፅ አያሰማም። ነፋስ ሲነፍስ ግንዶቹ እርስ በርስ እየተፋተጉ ያቃስታሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው የታመመ መስሎኝ ዞር ዞር እል ነበር።

ኦቦ ከድር አንድ ዛፍ ጋ ሲደርሱ መዳፋቸውን ግንዱ ላይ ያሳርፋሉ። በሌላው እጃቸው ቆባቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው አናቱን ያያሉ። ረጅም ጊዜ ነው የሚያዩት። ከዚያ ወይ ያልፉታል፣ ወይ እጃቸውን ወደ እኔ ይዘረጋሉ፤ ብሩሹን እሰጣቸዋለሁ። የሚቀቡት ሁለት ቦታ ነው። አንዱን ደረታቸው ትክክል፣ ሌላውን ደግሞ ጎንበስ ብለው ከመሬት ስንዝር በማይሞላ ከፍታ ላይ። ለምን ሁለት ጊዜ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ያ ቀይ ቀለም ምን እንደሆነ ግን በራሴ ደርሼበት ነበር። ራይት ነው። መምህር እንደሚያርም ኦቦ ከድርም ዛፍ ያርማሉ። የተቀባው ያለፈ ዛፍ ነው።

እየቆየ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ብዙ ጊዜ የሚቀቡት ጎባጣውን፣ አናቱ የደረቀውን፣ ከመሃል ለሁለት የተከፈለውን ነበር። ቀጥ ብሎ ያደገውን፣ ቅርፊቱ የጠራውን ዳሰስ ያደርጉትና ያልፉታል። ለሰነፍ ተማሪ አዝኖ ማርክ የሚጨምር አስተማሪ አውቅ ስለነበር፣ እሳቸውም እንደዚያ ደግ ስለሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀጥ ያሉት ግን አሳዘኑኝ። በተለይ በወንዙ በኩል ስድስት ዛፎች ነበሩ። አንድም ጉብጠት የለባቸውም፤ ማንንም ሳይነኩ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ቆመዋል። ስንት ቅዳሜ አለፍናቸው! ወደ ኋላ እያየሁ ነበር ኦቦ ከድርን የምከተላቸው።

ጥር ሊያልቅ ሲል ኦቦ ከድርን ብርድ መታቸው። ወገባቸው ተያዘና ከአልጋ ሳይወርዱ ሰነበቱ። ቅዳሜ ደረሰ። አዳዳ ገበያ ሄዳለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቃስታሉ። ቆርቆሮው ከበሩ ሥር፣ ብሩሹም በላዩ ላይ ነበር።

ይዤው ሄድኩ። ፈርቼ እንደነበር አላስታውስም። የማስታውሰው ደስታዬን ነው። ስድስቱን እንደ እሳቸው አድርጌ በመዳፌ ዳሰስኩ። አንገቴን ጥዬ አናታቸውን አየሁ፤ በጣም ሩቅ ነው፣ ያዞራል። ከዚያ ቀባሁ፤ አንዱን ደረቴ ትክክል፣ አንዱን ሥሩ ላይ። ቀለሙ እንዳይንጠባጠብ ብሩሹን ከቆርቆሮው አፍ ላይ እጠርገው ነበር። ስጨርስ ወደ ኋላ ብዬ አየኋቸው። ከደሎ መና ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ሆኖልኝ አያውቅም። እጄን በአመድ ፈትጌ ታጠብኩና ቆርቆሮውን ቦታው መለስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ድነው ሲነሡ ራሳቸው እንዲያገኙት ፈለግኩ።

ከእሳቸው በፊት ያገኙት ቆራጮቹ ናቸው።

በቀጣዩ ሳምንት አዳዳ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠበቀችኝና፣ "ዛሬ ቆረጣ ተጀምሯል፤ ቅርንጫፉ ለሴቶች ነው፣ ቶሎ እንድረስ" አለችኝ። ቆረጣ ስትል ምን እንደሚቆረጥ አልገባኝም። ደኑ ዳር ስንደርስ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ሰዎች ከወዲህና ከወዲያ ይዘው ይስባሉ። ጎባጣዎቹ፣ ሁለት አናት ያላቸው፣ ቀይ የተቀቡት ሁሉ ወድቀዋል። ሽታው አፍንጫ ይሞላል፤ ሙጫ፣ እርጥብ እንጨት፣ ላምባ። ቀዩ ቀለም ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም ወደ ወንዙ በኩል መሄድ አልቻልኩም። ግን መሄድም አላስፈለገኝም፤ ከቆምኩበት ሰማዩ ይታይ ነበር። ትናንት ሰማይ ያልነበረበት ቦታ ላይ ሰማይ ነበር።

ኦቦ ከድር ጋቢያቸውን ደርበው፣ በትር ተደግፈው መጡ። ሰው ጠርቷቸው ነው። አንዱ የወደቀ ግንድ ጋ ሄዱ። ከተቆረጠበት ጫፍ እስከ ላይኛው ምልክት በበትራቸው ለኩ። ከዚያ በትሩን ጉቶው ላይ አቁመው የለኩበትን ቦታ በጣታቸው ያዙ። ጣታቸው ያረፈው ከመቀነታቸው በታች ነበር። ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ፤ ሴቶቹ መሃል አገኙኝ።

"ጭራሮሽን ልቀሚ" አሉኝ።

የደኑ ማኅበር ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ እዚያው ደን ውስጥ ተሰበሰበ። ወንዶቹ በግንዶቹ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሴቶች ከኋላቸው ቆምን። ሊቀ መንበሩ ሐጂ ሁሴን ነበሩ፤ ከተማ ውስጥ ሱቅ አላቸው። ጸሐፊው ጋሽ ታደሰ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል።

"ሕጉ ይታወቃል" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ጉቶው ላይ ቀለም ከሌለ ሌባ ቆርጦታል። ጉቶው ላይ ቀለም ካለ ኦቦ ከድር ፈቅደውታል። እነዚህ ስድስቱ ላይ ቀለም አለ።"

ከጎኔ የቆመች ሴት ለጓደኛዋ፣ "ከጣውላ ነጋዴ ጋር ተነጋግሮ ይሆናላ! ምርጥ ምርጡን ነው እኮ!" ስትል ሰማሁ። አዳዳም ሰምታለች። ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበችው።

"ከድር፣" አሉ ሐጂ ሁሴን፣ "እነዚህን የቀባሃቸው አንተ ነህ?"

"ቆርቆሮው የኔ ነው።"

"ስለ ቆርቆሮው አልጠየቅኩህም።"

"ብሩሹም የኔ ነው።"

ጋሽ ታደሰ ፈገግ አሉ። "ምልክቱ እኮ ወገቤ ጋ አይደርስም፣ ኦቦ ከድር። ምነው፣ ተንበርክከው ነው እንዴ የቀቡት?"

ሰዎቹ ሳቁ። ኦቦ ከድር አልሳቁም።

"ወገቤን አሞኝ ነበር። እጄ ወደ ላይ አልነሣ አለኝ።"

ሳቁ ቆመ። ሐጂ ሁሴን ወደ መሬት አዩ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ከኦቦ ከድር ጥቂት እርምጃ ብቻ ነበር የሚለየኝ። አፌን ከፍቼ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም አየሩ ምላሴን አቀዘቀዘው። ቃል ግን አልወጣም። ከዚያ ሐጂ ሁሴን ብሩሹን ለማኅበሩ እንዲመልሱ፣ ከዚህ በኋላ ወጣቱ የግብርና ባለሙያ እንዲቀባ ወሰኑ። ኦቦ ከድር ብሩሹን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ይዘውት ነው የመጡት። አስቀድመው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንቶች በትዝታዬ ውስጥ አንድ ረጅም ከሰዓት ሆነዋል። ኦቦ ከድር ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ሰው በአጥሩ ሥር ሲያልፍ "ነጋያ" ይላቸዋል፤ ይመልሳሉ። ሰላምታው በየቀኑ የሚያጥር ይመስለኝ ነበር፤ እቆጥረው ነበር። ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ፣ "የእናንተ ሰውዬ ደን ሸጡ አሉ፤ እውነት ነው?" አለችኝ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ራይቶቹን ማየት ተውኩ።

ኦቦ ከድር አልተቆጡኝም፣ አልጠየቁኝም። ቢቆጡኝ እመርጥ ነበር። ማታ ራት ላይ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ እንበላለን፤ አዳዳ ስለ ድንች ታወራለች፤ እኛ ሁለታችን ትሪውን እናያለን።

የበልጉ ዝናብ ሊጀምር ሲል አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሩ ላይ ቆሙና፣ "ኮቱ" አሉ። የሚያዝ ቆርቆሮ አልነበረም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

የወሰዱኝ ወንዙ በኩል ነው። የስድስቱ ጉቶ እዚያው አለ፤ ሙጫው በላያቸው ደርቆ ብርጭቆ መስሏል።

"ለምንድን ነው የቀባሻቸው?"

"ቆንጆ ስለሆኑ" አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ "ሁልጊዜ ያልፏቸው ነበር። የተረሱ መሰለኝ።"

ጺማቸውን ዳሰሱ። ያን ቀን የተናገሩትን ያህል ሲናገሩ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። "ስንተክላቸው አጠጋግተን ነው የተከልናቸው" አሉ። "እየተሻሙ ቀጥ ብለው እንዲያድጉ። ሲያድጉ ግን መሬቱም ብርሃኑም ለሁሉም አይበቃም። ሁሉም ይቀጥናል፣ ሁሉም ይታመማል። ስለዚህ ጠማማውን፣ የታመመውን እናወጣለን። የቀረው ይወፍራል፤ ይተነፍሳል። እኔ የማልቀባው የሚቆየውን ነው።"

"እኛም ሰባት ነን" አልኩ።

"ምን?"

"እኛ ቤት። እኔንም ያወጡኝ ለዚያ ነው? ሌሎቹ እንዲያድጉ?"

ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ኦቦ ከድር በትራቸውን አስደግፈው አንዱ ጉቶ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናችን እኩል ሆነ።

"ማነው እንዲህ ያለሽ?"

"ማንም።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉ በቀስታ። "ስሚኝ። አዳዳሽ ናት የለመነችው። ሁለት ዓመት ሙሉ አባትሽን ልጅ ስጠኝ እያለች ለመነች። እሱ ታላቅ ወንድምሽን ሊሰጠን ነበር። እሷ ናት እምቢ ያለችው። 'ያቺን ዝምተኛዋን ስጠኝ' አለችው። አንቺን መርጣ ነው።"

ደስ እንዲለኝ ብለው ነው የነገሩኝ፤ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩላቸው። ግን በልቤ ያሰብኩት ሌላ ነው። ዝምተኛ ባልሆን ኖሮ እናቴ ጋ እቀር ነበር ማለት ነው። ዝምታዬ ከቤት አወጣኝ፤ እዚህ አምጥቶም የእኚህን ሰው ስም አስጠፋ።

ወደ ቤት ስንመለስ ከገበያው ጋ፣ "እርስዎ ይቅደሙ" አልኳቸው። እንዲህ ብያቸው አላውቅም። ተገርመው ቀደሙኝ።

ሐጂ ሁሴን ሱቅ ውስጥ ሁለት ገዢዎች ነበሩ። እስኪወጡ ጠበቅኩ። ሌላ ሰው ገባ፤ እሱም እስኪወጣ ጠበቅኩ።

"ስኳር ነው? ላምባ?" አሉኝ ሐጂ።

"አይደለም። የቀባሁት እኔ ነኝ።"

የያዙትን ሚዛን አስቀመጡ። "አውቃለሁ" አሉ።

"ስድስቱንም።"

"አውቃለሁ እኮ። ማኅበሩ በሙሉ ያውቃል። ደረቱ ከምልክቱ ትክክል የሆነ፣ ከከድር ቆርቆሮ ቀለም የሚያነሣ ማን አለ? ታደሰ እንኳ ገብቶት ነው የቀለደው።"

"ታዲያ ለምን ብሩሹን ወሰዳችሁባቸው?"

"የኔ ነው አለ። በጉባኤ ፊት የኔ ነው ያለን ትልቅ ሰው ዋሽተሃል ልበለው? ደግሞም እኮ አልዋሸም። ቆርቆሮውን ልጅ የሚደርስበት ቦታ ማን አስቀመጠው? ያንን ራሱ ያውቃል።"

"ሌባ ናቸው እየተባለ ነው።"

"ማነው ያለው?" ድምፃቸው ጨመረ። የክፍሌን ልጅ የአባቷን ስም ነገርኳቸው። በጣታቸው ባንኮኒውን መቱት። "ይሄን ለእኔ ተይው። ዛሬውኑ ይሰማዋል።"

"ብሩሹስ ይመለስላቸዋል?"

"አይመለስም፣ ልጄ። የተወሰነ ተወስኗል።"

ከረሜላ ሰጡኝ። ልመልሰው አፍሬ ተቀበልኩ።

ቤት ስደርስ አዳዳ ከገበያ ገብታ እግሯን ትታጠባለች። ኦቦ ከድር በርጩማቸው ላይ ናቸው። ነገርኳቸው።

"ማን?" አለች አዳዳ፣ እግሯን ከውኃው ሳታወጣ። "ይቺ? ሐጂ ሱቅ ሄዳ? ወላሂ?"

"ብቻሽን?" አሉ ኦቦ ከድር።

"ብቻዬን።"

"ሰሙሽ ወይስ አስደገሙሽ?"

"ሰሙኝ። አልደገምኩም።"

አንገታቸውን ነቅንቀው ፀሐይዋ ወዳለችበት በርጩማቸውን አዞሩ። ሐጂ ቃላቸውን ጠብቀው ይሁን አይሁን አልሰማሁም፤ ያቺ ልጅ ግን ደግማ አልጠየቀችኝም። ብሩሹም አልተመለሰም።

ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዳችንን ግን አልተውንም። ወጣቱ ባለሙያ በአንዱ ረድፍ እየቀባ፣ ቆራጮቹ በሌላው ረድፍ መጋዛቸውን እየሳቡ፣ እኛ ሁለታችን በባዶ እጃችን በመሃል እናልፋለን። ኦቦ ከድር እንደ ድሯቸው መዳፋቸውን ግንዱ ላይ ያሳርፋሉ፤ ቆባቸውን ይዘው አናቱን ያያሉ። ከዚያ እኔን ይጠብቃሉ። እኔም እዳስሳለሁ፣ አያለሁ፤ "ይቆይ" ወይም "ይውጣ" እላለሁ። የምንለውን የሚጽፍ የለም፤ የሚፈጽመውም የለም። አንዳንዴ ባለሙያው ከእኛ ጋር ይስማማል፤ አንዳንዴ አይስማማም። ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

አንድ ቀን ቅርፊቱ የጠራ፣ ከሥር እስከ አናት ቀጥ ያለ ዛፍ ጋ ቆምን።

"ይቆይ" አልኩ።

"አልሰማሁም" አሉ፣ ወደ ላይ እያዩ።

"ይቆይ!"

ጩኸቴ በግንዶቹ መሃል ሄዶ ከወንዙ ማዶ ተመለሰ። ቆራጮቹ መጋዛቸውን አቁመው ቀና አሉና ወደ እኛ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መሳባቸውን ቀጠሉ።